እባብ ያየ በልጥ በረየ፦ ፍርሃት፣ ጥርጣሬና ሕግ በምዕራብ ጎጃም

ስለ ጥርጣሬ የሚናገሩ ሁለት የታወቁ ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉን። አንደኛው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል። የመጀመሪያው ንቃትን ያስተምራል። ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ በእባብ የደነገጠ ሰው በመንገድ ላይ የወደቀች ልጥ አይቶ እንደሚበረግግ ያስታውሰናል። አባቶቻችን ሁለቱንም ያቆዩልን ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ያለ ሌላው አደገኛ መሆኑን ስላወቁ ነው። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ግን አንድ ሥጋት ነው፦ እንደ ሕዝብም እንደ መንግሥትም የመጀመሪያውን ምሳሌ አጥብቀን ይዘን ሁለተኛውን የረሳን ይመስለኛል።

እባቡ አልነበረም አልልም። የዚህች ሀገር ሰው እባብ ደጋግሞ አይቷል። ስለዚህ መፍራቱ አያስወቅሰውም፤ መጠርጠሩም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው በጥርጣሬና በዱላ መካከል ሊኖር የሚገባው ጊዜ ሲጠፋ ነው። መጠየቂያ፣ መመርመሪያና መማያ የሆነው ያ ጊዜ ሲጠፋ ልጧም እባቡም እኩል ይቀጠቀጣሉ። ይህንን ከመራዊ እስከ ቡሬ ባለው የምዕራብ ጎጃም ምድር የተፈጸሙ ጥቂት የታሪክ ምዕራፎችን በማንሣት ለማሳየት እሞክራለሁ።

የእግዜር እንግዳና «በሕግ አምላክ»

ጎጃም የቅኔና የአብነት ትምህርት ምድር ናት። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ከደብር ወደ ደብር ይዞር ነበር። ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም፤ ነገር ግን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲቆም ቁራሽ አይነፈግም። የመሸበት መንገደኛ «አሳድሩኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል። የማይታወቀው ሰው ስሙ «የእግዜር እንግዳ» ነበር።

ይህ ማለት ጥርጣሬ አልነበረም ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ግን ሥርዐት ነበረው። ጠብ በተነሣ ጊዜ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ጉልበተኛ እንኳ ቢሆን ይቆማል። ባላጋራዎቹ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ጥፋቱ ያልታወቀ ሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌዎች ፊት እየማለ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደዳል።

ያለፈውን ዘመን ማስዋብ አልፈልግም። አውጫጭኝ ንጹሐንን ለቀናት ከሥራቸው ያጉላላ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለው ደግሞ መድኃኒት ጠጥቶ የሚራወጥ ልጅ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ የሚያሰኝ፣ ኋላም በመንግሥት የተከለከለ ክፉ ልማድ ነበር። ሆኖም «በሕግ አምላክ» እና አውጫጭኝ አንድ የጋራ ጥበብ ነበራቸው፦ ሁለቱም እጅን ያዘገያሉ። የሕግ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ይመስለኛል፤ የተቆጣን ሰው እጅ ለአንድ ሌሊት ማቆየት።

ግራዚያኒና ጠንቋዮቹ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ይህ እውነተኛ እባብ ነበር፤ ማርሻሉ ቆስሏል። ምላሹ ግን ጥፋተኛን መፈለግ አልነበረም። ለሦስት ቀናት ያህል በከተማዋ ያገኙትን ሁሉ ጨፈጨፉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺሕ ብሎ ሲያስታውቅ፣ ጉዳዩን በሰፊው ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺሕ ይገምተዋል። በግንቦት ወር ደግሞ ገዳዮቹን አስጠግቷል ተብሎ የተጠረጠረው የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ተረሸኑ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመጋቢት 1929 ዓ.ም. ትእዛዝ ነው። ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና ተዘዋዋሪ አዝማሪዎች «የጣሊያን መንግሥት በቅርቡ ይወድቃል» የሚል ወሬ ያሰራጫሉ በሚል እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የነበረው ኃያል መንግሥት ማሲንቆ የያዘን ሰው ፈራ። በየመንደሩ የሚዞረው፣ ትናንት የእግዜር እንግዳ የነበረው ሰው፣ በአንድ ትእዛዝ የሞት ፍርደኛ ሆነ።

ውጤቱስ? ጎጃም እስከዚያ ድረስ ከሌሎች አካባቢዎች ይልቅ ለጣሊያን ጸጥ ያለች ነበረች። የጭፍጨፋው ወሬ፣ የገዳማቱ መደፈርና የጦር መሣሪያ ገፈፋው ተደማምረው ግን በ1929 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ጠቅላላውን ሀገር አስነሡት። በምዕራቡ እነ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቁ እነ በላይ ዘለቀና ኃይሉ በለው ሸፈቱ። ጠንቋዮቹ ተነበዩ የተባለውን ነገር እውን ያደረገው ጠንቋዮቹን የረሸነው ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ግራዚያኒም በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በአኦስታ መስፍን ተተክቶ ሄደ።

የቡሬው ምሽግ

ፍርሃት ሰውን የሚያስጨክነውን ያህል የሚያሸሸውም እርሱ ነው። ለዚህ ቡሬ ምስክር ናት። በጥር 1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ሲገባ የመደበኛ ጦሩ ብዛት ከሁለት ሺሕ የማይበልጥ ነበር። ስሙን የጌዴዎን ጦር አለው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጌዴዎን 300 ሰዎች፣ ችቦ፣ ማሰሮና ቀንደ መለከት ይዞ የምድያምን ሠራዊት በሌሊት አስደነገጠ፤ ምድያማውያኑም በድንጋጤ እርስ በርሳቸው ተራረዱ።

በቡሬ በኮሎኔል ናታሌ የሚመራ፣ በቁጥርም በመሣሪያም የሚበልጥ የጣሊያን ጦር ተመሽጎ ነበር። የዊንጌት ሰዎች በሌሊት እየመጡ ይተኩሳሉ፤ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ስብከት ያሰማሉ፤ አርበኞቹ መንገድ ይቆርጣሉ። የጣሊያን አዛዦች የከበባቸው ጦር ከእውነተኛው እጅግ የበዛ መሰላቸው። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ናታሌ ምሽጉን ለቅቆ በደምበጫ መንገድ ወጣ። የተመሸገ ጦር ሊያሸንፈው ከማይችል ጥላ ሸሸ። ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ልብ ይበሉ፤ ግራዚያኒ ማሲንቆ ያዡን ሰው በጥይት የመታውና ናታሌ የሌሊቱን ድምፅ ሰምቶ ምሽጉን የተወው በአንድ ዓይነት ዓይን አይተው ነው። ራሱን በግድ በሰው ሀገር ላይ የጫነ ገዥ በእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሥር ጠላት ያያል፤ ጥቂት ጊዜም ልክ ይሆናል። ትልቁና ትንሹ አደጋ ግን ስለማይለዩለት የሚወስደው እርምጃ ሁልጊዜ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል።

ቀላዱ ያስነሣው አመፅ

«ያስ የባዕድ መንግሥት ነው፤ በራሳችን ዘመንስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ1960 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ የሚለው ከምርት ላይ እንደ ገቢው መጠን ግብር ይከፈል ነው፤ በወረቀት ላይ ካየነው ከቀድሞዎቹ ግብሮች ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን እባቡን ያየ ሰው ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ ቀላድ የተጣለበት መሬት ባለቤት ምን እንደ ሆነ ሰምቷል፤ ጢሰኛ ሆኗል። ስለዚህ ገማቾቹ ሲመጡ ያየው የግብር ገማች አልነበረም፤ ርስቱን የሚነጥቅ ቀላድ ጣይ ነበር። ከሞጣና ከብቸና ጀምሮ ብዙ ወረዳዎች አመፁ።

በዚህ በኩል ፍርሃቱ ከአዋጁ ይዘት በላይ የሆነ ነው ልንል እንችላለን። በሌላው በኩል ግን በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን ገበሬው ያቀረበውን አቤቱታ እንደ ሽፍትነት የቆጠረ መንግሥት ነበር። ምላሹም ፖሊስና ጦር፣ በመጨረሻም የጦር አውሮፕላን ሆነ። የራሱን ገበሬ ከአየር የደበደበ መንግሥት ያተረፈው ምንድን ነው? አገረ ገዥውን አነሣ፤ ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ተወ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራ ቀረ። ገበሬው በመጀመሪያው ቀን በአውራ ጎዳና ላይ ቆሞ የጠየቀውን በመጨረሻው ቀን በሬሳ ላይ ቆሞ አገኘው። ሁለቱም ወገኖች አንድ ትምህርት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ መንግሥት ገበሬውን መፍራት፣ ገበሬውም መንግሥት የሚልከውን ሰው ሁሉ መፍራት ተማረ። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን እንዳደረገ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቃላቱ ዘር

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። «ባንዳ» የሚለውን ቃል ያመጣልን የጣሊያን ጦር ነው። ደርግ «አናርኪስት»፣ «ሰርጎ ገብ»፣ «አምስተኛ ረድፍ» የሚሉትን አስተማረን። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ፤ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ «ነፃ እርምጃ» የመውሰድ ሥልጣን ተሰጠው። «ነፃ» የተባለው ከምን ነፃ እንደ ሆነ ብናስተውል፣ ከዳኛና ከጊዜ ነፃ ማለት ነበር። አባቶቻችን እጅን ለማዘግየት የሠሩትን ሁሉ አንድ ሐረግ አፈረሰው። ደርግ የፈራው እባብ ሐሰት አልነበረም፤ በከተማ ባለ ሥልጣናቱ ይገደሉ ነበር። የወሰደው እርምጃ ግን አንድ ትውልድ አስጨርሶ፣ የቀረውን ወደ በረሃና ወደ ስደት ላከ።

ከደርግ በኋላም ቃሉ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ «አሸባሪ» ተብሎ የታሰረበት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሀል ሀገር በቀረበ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነዋሪው መሣሪያውን አስመዝግቦ አካባቢውን እንዲጠብቅ ተጠራ፤ በአዲስ አበባም ብዙ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ብቻ ተጠርጥረው ታሰሩ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ከአፋችን ያልጠፋ አንድ ቃል አለ፦ «ፀጉረ ልውጥ»። በየስብሰባው «ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» እንባላለን። የእግዜር እንግዳ የነበረው ሰው አዲሱ ስም ይህ ነው።

ወሬውና ተመራማሪዎቹ

አሁን ወደ ሕዝቡ እንምጣ፤ የእስካሁኑ ወቀሳዬ በአብዛኛው በገዥዎች ላይ ነበርና። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተደረገው ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ሰው ሞተ። ይህ እባብ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ በሻሸመኔ በተደረገ ትልቅ የአቀባበል ሥነ ሥርዐት ላይ አንድ ሰው «ቦምብ ይዟል» ተብሎ ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑም በአደባባይ ተሰቀለ። ቦምብ ግን አልነበረም። ይህቺ ልጧ ናት።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በምዕራብ ጎጃም፣ በአዲስ ዓለም ከተማ፣ ለጤና ምርምር የመጡ ሁለት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ሕፃናትን በተመረዘ ክትባት እየገደሉ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። የሞተ ሕፃን አልነበረም። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለማዳን ሮጠው፣ የሌላ ወላጅ ልጆችን ገደሉ።

ይህንን «የመሃይም ሥራ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ገበሬው ከመንግሥት መኪና ወርዶ ወረቀትና መሣሪያ የሚያወጣን ሰው ለምን እንደሚፈራ ከላይ አይተናል፤ ከዚያ ሃምሳ ዓመት በፊት ቀላድ ጣይ ነበር። በዚያ ላይ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉን ሕዝብ ከተገመተው በ2 ሚሊዮን ገደማ አሳንሶ ሲያሳይ ጉዳዩ በፓርላማ ሳይቀር አነጋግሯል። ሰዉን የሚያሳምን ማብራሪያ ስላልተሰጠም፣ ብዙ ሰው ምክንያቱን ራሱ ይፈልግ ጀመር፤ መርፌና ክትባትም ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ነበሩ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ወደ ወሬ ይለወጣል፤ ወሬም ቀን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ፍርሃቱን ያስረዳል፤ ግድያውን ግን አያጸድቅም። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚል ሕዝብ ለአንዲት ሰዓት ሐሳብ ቢጨምርበት፣ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሰዎቹን ለአንድ ሌሊት ቢያቆያቸው፣ በማግስቱ እንግዶቹ ከነመታወቂያቸውና ከነደብዳቤያቸው ይታወቁ ነበር። ሞታቸውን ያመጣው ጥርጣሬው ሳይሆን ጥድፊያው ነው።

ጥር 20 በመራዊ

የመጨረሻው ምዕራፍ ለመጻፍ የሚከብደው ነው። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተደረገ። ከውጊያው በኋላ የሆነውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ፣ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች ፋኖን ትደግፋላችሁ በሚል በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን አስታወቀ። ሂዩማን ራይትስ ዎችም ሰዎች ከየቤታቸውና ከየመንገዱ እየተያዙ መገደላቸውን ዘገበ። መንግሥት በበኩሉ ሠራዊቱ ራሱን ተከላከለ እንጂ ሲቪሎችን ዒላማ አላደረገም ሲል አስተባብሏል። ማግስቱ አስተርእዮ ማርያም ነበረች፤ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የተዘጋጀ ቤተሰብ ቀብር ዋለ።

የወታደሩን ፍርሃት አልክድም። ከየትኛው መስኮት እንደሚተኮስበት በማያውቅበት ከተማ የቆመ ሰው ይፈራል። ነገር ግን የእርሱ ፍርሃት ለአዲስ ዓለሙ ሕዝብ ያልተፈቀደውን ነገር ሊያስፈቅድለት አይችልም። ዩኒፎርም የሚለበሰው፣ ደመወዝ የሚከፈለውና አዛዥ የሚሾመው የፈራ እጅ እንዲዘገይ ነው። ታጣቂዎቹም ከዚህ ሚዛን ውጭ አይደሉም። በዚሁ ጦርነት ውስጥ «ባንዳ ነህ»፣ «መረጃ ታቀብላለህ» ተብለው ያለ ዳኛ የተገደሉ ሰዎች አሉ፤ ገዳዩ የገበሬ ልጅ መሆኑ ለሟቹ ልጆች ምንም አይለውጥላቸውም።

ምን እንማር?

«ታዲያ አደጋ ሲመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይደለም። ከላይ ባነሣኋቸው ምሳሌዎች ሁሉ ቢያንስ በሩቁ እውነተኛ እባብ ነበር። ታሪክ የሚያሳየን ግን በጅምላ የተመታ ሕዝብ የፈራነውን ጠላት ራሱ እንደሚያዋልድልን ነው። ግራዚያኒ አርበኛን ወለደ፤ ነፃ እርምጃ በረሃ የሚገባውን አበዛ።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በፐርል ሐርበር ከተመታች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ 120 ሺሕ የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹ የራሷ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ሰብስባ በካምፕ አጎረቻቸው። ልዩነቱ ከዓመታት በኋላ የታየው ነው። መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ ምክንያቱ የጸጥታ አስፈላጊነት ሳይሆን የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት እንደ ነበረ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግም መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ተጎጂዎች ለእያንዳንዳቸው 20 ሺሕ ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ሙታንን አላስነሣም፤ ነገር ግን ልጧ እባብ እንዳልነበረች በመንግሥት ማኅተም ተመዘገበ።

እኛ ያጣነው ይህንን ነው። የ1960ው ግብር በጎጃም ሳይሠራ ቀረ እንጂ ስለ ሞተው ገበሬ የተጠየቀ አልነበረም። እንዲህ ያለ ምዕራፍ ሳይነገርና ሳይዳኝ ሲዘጋ፣ ፍርሃቱ ለልጅ ይወረሳል፤ ልጁም ያላየውን እባብ እየፈራ ያድጋል። ስለዚህ የመራዊም የአዲስ ዓለምም ነገር በግልጽ ችሎት፣ በስምና በቀን ተመርምሮ መመዝገብ አለበት ባይ ነኝ። ይህ ለሟቾች ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ነገ በመንደራችን ለሚያልፈው ማንነቱ ለማይታወቅ ሰውም ነው።

ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ፣ ያ የናታሌ ጦር በሸሸበት መሥመር ላይ፣ ፍኖተ ሰላም የምትባል ከተማ አለች። የስሟ ትርጉም «የሰላም መንገድ» ነው። በዚህ መንገድ ላይ ዛሬ መሽቶበት የሰው በር የሚያንኳኳ ሰው፣ የቆሎ ተማሪም ይሁን ነጋዴ ወይም ተመራማሪ፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ድምፅ ይሰማ እንደ ሆነ እንጃ። ባለቤቱም ቢጠረጥረው አልፈርድበትም። በሩን ገርበብ አድርጎ «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስማ። ለጊዜው ይህ ብቻ ይበቃናል።